ሳኩራ ለማየት ሄያን ጂንጉ ከሄዳችሁ ውሃውን ተከተሉ

መጋቢት ሲጋመስ ስለ ሳኩራ፣ ስለ ጃፓኑ የቼሪ ዛፍ አበባ፣ ስልኬ ላይ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይመጣል። "ሳኩራው መቼ ነው የሚያብበው? ኪዮቶ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የምንሄደው፣ የት እንሂድ?" የምኖረው ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ ነው። ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ስለሆነች ጸደይ በመጣ ቁጥር እዛው ነኝ። መልሴም ሁሌ አንድ ነው። ሄያን ጂንጉ ሂዱ። ትልቁን ቀይ በር ፎቶ አንስታችሁ እንዳትመለሱ፣ ከኋላው ያለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ግቡ። ብዙ ሰው ግቢውን አይቶ፣ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ይወጣል፤ ዋናው ነገር ከሕንጻው ጀርባ እንዳለ ሳያውቅ ይሄዳል። ይህን ሳይ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ቦታው ምንድን ነው? ሄያን ጂንጉ የሺንቶ፣ የጃፓኖች ነባር እምነት፣ መቅደስ ነው። ስታዩት የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ይመስላል። የተሠራው ግን በ1895 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ነገሩ እንዲህ ነው። ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። በ1869 ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅልለው ቶኪዮ ገቡ። ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ መኳንንቱ፣ ነጋዴው፣ ባለ እጁም ሄደ። ከተማዋ ጭር አለች። የኪዮቶ ሰዎች ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ከጎረቤት ካለው ከቢዋ ሐይቅ ተራራ ሰርስረው ቦይ ቆፈሩና ውሃ አመጡ። ሥራው በ1885 ተጀምሮ በ1890 አለቀ፤ የመራው ታናቤ ሳኩሮ የሚባል ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት መሐንዲስ ነው። በዚያው ውሃ ኤሌክትሪክ አመነጩ፤ በኤሌክትሪኩ በ1895 የጃፓንን የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ትራም መስመር አስጀመሩ። በዚያው ዓመት የከተማዋን 1100ኛ ዓመት ሲያከብሩ ይህንን መቅደስ ሠሩ። ሕንጻው የጥንቱ ቤተ መንግሥት አምሳያ ነው፣ መጠኑ አነስ ብሎ። መቅደሱ መታሰቢያነቱ ዋና ከተማዋን ወደ ኪዮቶ ላመጣው ለንጉሠ ነገሥት ካንሙ ነው። ኪዮቶ ሆኖ የገዛው የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ኮሜይ ደግሞ በ1940 ተጨመረ።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ታሪክ ለማስጠናት አይደለም። አትክልቱ ውስጥ ያሉት ኩሬዎች ውሃ የሚመጣው ከዚያው ከቢዋ ሐይቅ ቦይ ስለሆነ ነው። ይህን አውቃችሁ ከገባችሁ የምታዩት ነገር ይቀየራል።

መቼ ልሂድ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ተሳስቼ ነበር። ዜናው "ኪዮቶ ሳኩራ አበበ" ሲል በሩጫ ሄድኩ። ከተማው በሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ቦዩ ዳር ያለው ሁሉ ፈክቷል። የአትክልቱ ስፍራ ስገባ ግን ዛፎቹ ገና እምቡጥ ናቸው። ምክንያቱም ዜናው የሚያወራው ሶሜይ ዮሺኖ ስለሚባለው፣ በየመንገዱ ስላለው ነጣ ያለ ዓይነት ነው። የሄያን ጂንጉ ዝነኛ ዛፎች ሌላ ዓይነት ናቸው። ቅርንጫፋቸው እንደ ሹሩባ ወደ ታች የሚወርድ፣ አበባቸው ድርብርብና ደማቅ ሮዝ ነው። ቤኒ ሺዳሬ ይባላሉ። መቅደሱ ሲሠራ ከሰሜን፣ ከሰንዳይ ከተማ በስጦታ የመጡ ናቸው። እነዚህ ከሶሜይ ዮሺኖው አንድ ሳምንት ያህል ዘግይተው ነው የሚያብቡት።

በእኛ አቆጣጠር ስታስቡት፣ ሶሜይ ዮሺኖው አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት 20 እና 27 መካከል ይፈካል። ቤኒ ሺዳሬው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ዓመቱ ሲሞቅ ይቀድማል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት የምትቆርጡት ከወራት በፊት ከሆነ በፈረንጆች ኤፕሪል 5 እና 12 መካከል አድርጉት። እዚህ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ቃል ያዙ። "ካይካ" ማለት መፈንዳት ጀመረ፤ "ማንካይ" ማለት ሙሉ በሙሉ ፈካ። የአየር ትንበያው ላይ የሶሜይ ዮሺኖ ማንካይ የሚለውን ስታዩ ሻንጣ አዘጋጁ፣ ከሳምንት በኋላ ሂዱ።

አበባው ማለፍ ጀምሯል ብላችሁም አትቅሩ። እንደውም እኔ በጣም የምወደው ያን ጊዜ ነው። ቅጠሉ ይረግፍና ኩሬው ላይ ይተኛል። ጃፓኖች ለዚህ ለራሱ ስም አላቸው፣ "ሃናኢካዳ" ይሉታል። የአበባ ታንኳ እንደማለት ነው። ነፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ ሮዝ ምንጣፍ ቀስ እያለ ከኩሬው አንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንድ አትክልተኛ በረጅም እጀታ መረብ የረገፈውን ሲሰበስብ ቆሜ አየሁት። መረቡን ውሃው ውስጥ አይወረውርም፣ ያስተኛዋል። ከዚያ ወደ ራሱ ይስበውና ከማውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ውስጡን ያያል። የሆነ ትንሽ ነገር በጣቱ ለቀም አድርጎ ወደ ውሃው መለሰ። ምን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እሱን ኩሬው ጋ ስንደርስ።

ሰዓት ላይ እንምጣ። የአትክልቱ ስፍራ የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በጃፓን 8፡30። በጸደይ እስከ 17፡30 ክፍት ነው፤ የመጨረሻ መግቢያው ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። መግቢያው ለአዋቂ 600 የን ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አረጋግጡ፤ ዋጋ ይቀየራል። ዋናው ግቢ በነጻ ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። እኔ የምመክረው 2 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ መሆን ነው። ባዶውን ግቢ ታያላችሁ፣ እጃችሁን ትታጠባላችሁ፣ ከዚያ መግቢያው ጋ ትሰለፋላችሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የጉብኝት አውቶቡሶች ይመጣሉ፤ በቃ፣ ያኔ መንገዱ ላይ እንደ መርካቶ እየተገፋችሁ ነው የምትሄዱት።

አለባበስ። ኤፕሪል ነው ብላችሁ በሸሚዝ አትምጡ። ጠዋት ላይ እንደ አዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ጃኬት ያስወልቃል። ጫማችሁ ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ይሁን። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ውሃ ላይ በድንጋይ የምትሻገሩበት ቦታም አለ። ተሽከርካሪ ወንበር ወይም የሕጻን ጋሪ ያለው ሰው መግቢያው ላይ የትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ይጠይቅ፤ ሠራተኞቹ በደስታ ያሳያሉ።

እንዴት ልድረስ?

ከኪዮቶ ጣቢያ ሁሉም አውቶቡስ ውስጥ ሲጋፋ ታያላችሁ። ተዉት። በሳኩራ ሰሞን አውቶቡስ ማለት ቆሞ መዋል ነው። ሜትሮ ያዙ። ካራሱማ መስመርን ይዛችሁ ካራሱማ ኦይኬ ውረዱ፣ እዚያው ቶዛይ ወደሚባለው መስመር ቀይሩና ሂጋሺያማ ጣቢያ ውረዱ። ከዚያ አሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ጣቢያው መግቢያ ላይ ትኬት ስትቆርጡ እንዳትንገላቱ ኢኮካ ካርድ አውጡ፣ ብር ሞልታችሁ ታስነኩታላችሁ። ከሂጋሺያማ ስትወጡ ትንሽ ወንዝ ታገኛላችሁ፤ እሱን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ቦዩ ጋ ስትደርሱ 24 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀይ በር መንገዱን አቋርጦ ቆሞ ይታያችኋል። መኪና በሥሩ ያልፋል። ያ ቶሪ ይባላል፣ የመቅደስ ደጅ ነው።

ቪዛ ለሚጠይቁኝ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትመጡ ከሆነ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ አዲስ አበባ ኤምባሲው ጋ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ።

ደጁ ላይ

አምና አይደለም ካቻምና እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ይዣት ሄድኩ። ዋናው በር ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። "እማ፣ እዚህ አይወለቅም" አልኳት። ቀና ብላ ግቢውን አየችው። "ታዲያ ቅዱስ ቦታ ነው አላልከኝም?" አለችኝ።

ልክ ነች። ስሜቱ ያው ነው። አደራረጉ ነው የሚለየው። ግቢው ውስጥ ጫማ አይወለቅም፤ የሚወለቀው ሕንጻ ውስጥ ወለሉ ላይ የምትወጡ ከሆነ ብቻ ነው። በምትኩ ቶሪው ሥር ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ትንሽ ጎንበስ ትላላችሁ። እኛ ደጀ ሰላም ላይ እንደምንሳለመው ማለት ነው። ከዚያ ስትገቡ የመንገዱን መሃል አትያዙ፣ ዳር ዳሩን ሂዱ። መሃሉ የአምላኩ መተላለፊያ ነው ይላሉ። ስትወጡም ዞር ብላችሁ ጎንበስ በሉ።

ቀጥሎ መታጠቢያው ነው፣ ቴሚዙያ ይባላል። ጭልፋ ካለ በቀኝ እጃችሁ ያዙና ግራ እጃችሁ ላይ አፍሱ። አዛውሩና ቀኙን እጠቡ። መልሳችሁ በቀኝ ያዙት፣ ግራ መዳፋችሁ ላይ ውሃ አድርጋችሁ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ጭልፋውን አፋችሁ ላይ አታድርጉ፤ የተጉመጠመጣችሁትንም ገንዳው ውስጥ ሳይሆን ከታች ወዳለው ቦይ ነው የምትተፉት፣ ቀስ ብላችሁ፣ በእጃችሁ ከልላችሁ። ግራ እጃችሁን ደግማችሁ እጠቡ። በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙት የቀረው ውሃ በእጀታው ላይ ይወርዳል፤ ለሚቀጥለው ሰው አጠባችሁት ማለት ነው። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ቦታ ጭልፋው ተነስቶ ውሃው ከቀርከሃ ላይ ዝም ብሎ ይፈሳል። ያኔ እጃችሁን ብቻ መታጠብ ይበቃል። እናቴ ታጥባ ስትጨርስ እርጥብ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገችው። ምንም አላልኳትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ እዚህ መግባት ችግር አለው ወይ? ይህን ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኛል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፣ ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ማንም እንድትጸልዩ አያስገድዳችሁም። ማንም አይታዘባችሁም። የአትክልቱ ስፍራ በትኬት የሚገባበት ለብቻው የሆነ ቦታ ነው፤ ጸሎት ቤቱ ፊት ሳትቆሙ በቀጥታ መግባት ትችላላችሁ። አክብሮት ለማሳየት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የሚጸልዩት ፊት አትለፉ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ባርኔጣ አውልቁ። በቃ። የአካባቢው ሰው የሚያደርገውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ሳንቲም ያስገባል፣ ሁለት ጊዜ በጥልቅ ጎንበስ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ ይጸልያል፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ብዙዎች 5 የን ይመርጣሉ። "ጎ ኤን" ማለት አምስት የን ነው፤ በአነጋገሩ ደግሞ "መልካም ትስስር" ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በቅኔ ለኖረ ሰው ይህ ወዲያው ነው የሚገባው።

ዋናው ሕንጻ ውስጥ ፎቶ አታንሱ። ሙሽሮችም ታያላችሁ፤ ሴቷ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሳ፣ ከኋላዋ ቀይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ተከትሏት። ከሩቅ ማየት ነውር የለውም። ፊታቸው ሄዶ ስልክ መደቀን ግን የሰው ሰርግ ማወክ ነው።

አሁን ውስጥ እንግባ

የአትክልቱ መግቢያ ከዋናው ሕንጻ በስተግራ ነው፣ መውጫው በስተቀኝ። 33,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ ሕንጻውን ከኋላ አቅፎት ይዞራል። ደቡብ፣ ምዕራብ፣ መካከለኛና ምሥራቅ የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህ ማለት ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀስ በሉ። ሰው ሁሉ መጀመሪያው ላይ ያለውን ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ይቆይና የቀረውን በሩጫ ይጨርሰዋል። ተቃራኒውን አድርጉ። ደቡቡን በአሥር ደቂቃ፣ የቀረውን በአንድ ሰዓት።

ደቡቡ ላይ የሚያፈዘው በእርግጥ ሳኩራው ነው። ቅርንጫፎቹ ከከፍታ ይወርዳሉ፣ ክብደታቸውን ከሥር የተዘረጋ የቀርከሃ አጥር ተሸክሞላቸዋል። በሥሩ ስትቆሙ ሰማዩ በሮዝ ወንፊት ውስጥ ነው የሚታያችሁ። ቅርንጫፍ አትጎትቱ፣ አበባው እንዲረግፍላችሁ ብላችሁ አታወዛውዙ። የቀርከሃዎቹን ማሰሪያ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይቆርጠው አንድ በአንድ በእጅ የታሰረ ነው። ትሪፖድም አትዘርጉ፣ መንገዱ ጠባብ ነው።

እዚያው ደቡቡ ውስጥ አንድ አሮጌ ትራም ቆሟል። ሰው በዛፍ መሃል ትራም ምን ይሠራል ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ግን አሁን ታውቃላችሁ። ከቦዩ ውሃ በመነጨ ኤሌክትሪክ ይሄድ ከነበረው ያን የመጀመሪያ መስመር ከከፈተው ድርጅት የቀረ ነው። ቀጥሎ ውሃውን ራሱን ታገኙታላችሁ።

ምዕራቡ ላይ ቢያኮ የሚባለው ኩሬ አለ፤ ነጭ ነብር ማለት ነው፣ በእነሱ ትውፊት የምዕራብ ጠባቂ። በጸደይ መጀመሪያ ጸጥ ያለ ነው፣ ሰዉም ስለሚያልፈው ለመቀመጥ ጥሩ ነው። ኩሬው ዳር ያለው አረንጓዴ ነገር አይሪስ ነው፣ የሚያብበው በፈረንጆች ጁን መጀመሪያ፣ ለእኛ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ሳኩራ ያመለጠው ሰው ለዚህ ይመጣል።

ከዚያ መንገዱ ዛፍ ውስጥ ያስገባችኋል። ጥላ ይሆናል፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ምንም አይታይም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አትክልቱን የሠራው ኦጋዋ ጂሄ ሰባተኛው ነው፣ በጃፓን ዘመናዊ የአትክልት ሥራ ከሱ በላይ ስም ያለው የለም ማለት ይቻላል። ይህን ቦታ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቶበታል። ከሱ በፊት የነበሩት አትክልቶች ብዙዎቹ ተቀምጦ የሚታዩ ናቸው፤ ድንጋዩ ባሕር ነው ብሎ ማሰብ፣ አሸዋው ማዕበል ነው ብሎ ማሰብ ይጠይቃሉ። ኦጋዋ ግን ቦዩ ውሃ አመጣለት። እውነተኛ ውሃ፣ የሚሄድ ውሃ፣ ድምፅ ያለው። ስለዚህ የእሱን አትክልት በእግር እየሄዳችሁ፣ በጆሮም ጭምር ነው የምታዩት። ጨዋታችሁን ለጥቂት ደቂቃ ተዉትና አዳምጡ፤ ውሃው ጠበብ ሲል ይጮኻል፣ ሰፋ ሲል ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ኩሬ ደረሳችሁ ማለት ነው።

መካከለኛው ኩሬ ሶሪዩ ይባላል። እዚህ ውሃው ላይ ክብ ክብ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ጋሪዩ ድልድይ ይሉታል፣ የተኛ ዘንዶ እንደማለት ነው። ድንጋዮቹ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጃፓን ገዢ የነበረው የጦር መሪ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ካሠራቸው፣ ሳንጆና ጎጆ ከሚባሉት የኪዮቶ ድልድዮች የተወሰዱ ምሰሶዎች ናቸው። መቶ ዓመታት የድልድይ እግር ሆነው ሲቆሙ ኖረው አሁን ተጋድመው መረገጫ ሆነዋል። መሻገር ይቻላል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ከወዲያ የሚመጣ ካለ ጠብቁ። መሃሉ ላይ ስትደርሱ ቆሙና እግራችሁ ሥር እዩ። ሰማዩ ከታች ነው፣ ደመናው ከታች ነው፣ ሠሪውም ያሰበው ይህንኑ ነው፦ በዘንዶ ጀርባ ላይ ሆኖ በደመና መሃል መሄድ። ፍርሃት ካለባችሁ ዳሩን ይዛችሁ እለፉ፣ ምንም አይቀርባችሁም። እናቴ ግን ተሻገረች። ነጠላዋን በአንድ እጅ ሰብስባ፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ፣ ድንጋይ በድንጋይ። ወዲያ ማዶ የቆሙ አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት እስክንጨርስ ጠበቁን፣ ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ተባባሉ፤ ማን መጀመሪያ ቀና እንደሚል ጠፍቷቸው ሦስት አራት ጊዜ ደጋገሙት።

የአትክልተኛውን መረብ ታስታውሳላችሁ? ቦዩ ከቢዋ ሐይቅ ውሃ ሲያመጣ ዓሣም አብሮ መጣ። ኢቺሞንጂ ታናጎ የምትባል ከጣት የማትበልጥ ዓሣ አለች። ቢዋ ሐይቅ ውስጥ ከውጭ የገቡ ዓሦች ሲበዙ እሷ ከሐይቁ ጠፋች። እዚህ ኩሬ ውስጥ ግን ቀድማ ገብታ ስለነበር ተረፈች። የትውልድ ቦታዋ ላይ የለችም፣ ሰው በሠራው አትክልት ውስጥ አለች። አጠገቤ የነበረ ሰው ይህን ሲነግረኝ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ትዝ አሉኝ። ጎጃምና ጎንደር ላይ ዙሪያው ታርሶ ሲያልቅ የአገር በቀሉ ዛፍ፣ ጽዱም ወይራውም፣ በቅጥሩ ውስጥ ነው የቀረው። የተቀደሰ ነው ተብሎ የታጠረ ቦታ ሌላውንም ነፍስ አብሮ ያተርፋል። ስለዚህ ኩሬው ውስጥ ምንም አትጣሉ። ሳንቲምም ቢሆን። እንሽላሊት፣ ኤሊ፣ ዓሣ ብታዩ ልጆቻችሁ እንዲያዩ አድርጉ፣ እንዲይዙ ግን አትፍቀዱ።

ምሥራቁ የመጨረሻው ነው፣ ሰፊው። ከጥላው ስትወጡ ድንገት ትልቅ ኩሬ፣ ከማዶ የሂጋሺያማ ተራሮች ይታያሉ። ተራራው የአትክልቱ አይደለም፣ ግን አትክልቱ እንደራሱ ይጠቀምበታል፤ ጃፓኖች "ሻኬይ" ይሉታል፣ የተዋሰው መልክዓ ምድር። ኩሬው ላይ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ ያልፋል፣ ታይሄይካኩ። ከኪዮቶው ቤተ መንግሥት የመጣ ነው። ግራና ቀኙ መቀመጫ አለው፣ ተቀመጡ። ምርጡ ቦታ ይህ ነው። ከሥራችሁ ትልልቅ ኮይ ዓሦች ይመጣሉ፣ ሳኩራው ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል፣ የረገፈው ቅጠል በዓሦቹ ጀርባ ላይ እየተከፈለ ያልፋል። ሰው ብዙ ከሆነ አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ለሌላ ልቀቁ። ፎቶ የሚያምረው ግን ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ከመድረሳችሁ በፊት ከደቡብ ዳር ነው፤ ድልድዩ፣ ሳኩራውና ነጸብራቁ አንድ ላይ ይገባሉ።

ጾም ላይ ላላችሁ

የሳኩራው ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ዓቢይ ጾም ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ምግቡን ቀድማችሁ አስቡበት። ጃፓን ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምግብ ማግኘት አይከብድም። የሚከብደው ዳሺ ነው። ዳሺ ማለት የሾርባው መሠረት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። አትክልት ብቻ የሚታይበት ኑድል እንኳ ውስጡ ዓሣ አለበት። ዓሣም የማትበሉ ከሆነ "ሾጂን ሪዮሪ" የሚል ፈልጉ። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለበትም። ከሄያን ጂንጉ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚያስኬደው ናንዜንጂ አካባቢ ደግሞ "ዩዶፉ" የሚሸጡ ቤቶች አሉ፣ በሙቅ ውሃ የተቀቀለ ቶፉ ነው፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ። ሶሱ ውስጥ ዳሺ ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። "ሳካና ናሺ?" ማለት "ዓሣ የለበትም?" ነው። እኔና እናቴ ግን ያን ቀን ከሱቅ ኡሜ የሚባል ኮምጣጣ ፍሬ ያለበት የሩዝ ድቡልቡል ገዝተን ቦዩ ዳር ተቀምጠን በላን። አትክልቱ ውስጥ ምሳ ዘርግቶ መብላት አይሆንም፤ ከቶሪው ውጭ ኦካዛኪ ፓርክ ላይ ግን ይቻላል። ቆሻሻችሁን ያዙት፣ መንገድ ላይ ቅርጫት አታገኙም፣ ትንሽ ፌስታል ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ከሰዓት በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ ውሃውን ወደ ላይ ተከተሉት። ቦዩን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ኬአጌ የሚባል ቦታ ትደርሳላችሁ፤ ድሮ ጀልባዎችን በሐዲድ ዳገቱን የሚያሳልፉበት ቁልቁለት ነው፣ ሐዲዱ ዛሬም አለ፣ ግራና ቀኙ ሳኩራ ነው። በመንገዳችሁ ላይ ሙሪንአን አለ፣ ኦጋዋ በዚያው የቦይ ውሃ የሠራው ሌላ ትንሽ አትክልት። ሣር ላይ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይፈሳል፣ ከቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምታዩት፣ እዚያ ጫማ ይወለቃል። በሳኩራ ሰሞን ቦታ ቀድሞ ይያዛል፣ ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት በኢንተርኔት ሰዓት አስይዙ።